ወንዳወቅ የበረራ መምህር ሲመርጥ

ወንዳወቅ በየማለዳው የወፍጮ ቤቱን በር እንደከፈተ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መዳፉን በናፍጣ ሞተሩ ጎን ላይ ማሳረፍ ነው። ሞተሩ ገና አልተነሣም፤ ቀዝቃዛ ብረት ነው። ቢሆንም እጁን ጥቂት ያቆየዋል፤ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል፤ ዘይቱን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ያስነሣዋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ባለ ወፍጮ የለም። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀው፣ «ሰላምታ ሳይሰጡ ሥራ ማዘዝ ነውር ነው» ይላል።

ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅንድቡ ዘወትር በዱቄት የነጣ ሰው ነው። ከራሱ ልጆችና ከሚስቱ በቀር «አንተ» ወይም «አንቺ» የሚለው ፍጡር እንደሌለ ይወራል። ጠባብ መንገድ ላይ ጭነት የያዘች አህያ ገጥማው «ይለፉ» ብሏታል እያሉም ያሙታል። እሱ ይህን አያምንም፤ አይክድምም።

በወጣትነቱ ስድስት ዓመት የቅኔ ተማሪ ነበር። ሦስት ጉባኤ ቤቶች አይቷል። በዚያ ዓለም መምህር መምረጥ ነውር አይደለም። ተማሪ ስንቁን አንጠልጥሎ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የመምህሩን አካሄድ ያያል፤ ካልሆነለት ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ይሰናበታል። ነውሩ ሳይሰናበቱ መሄድ ነው። ወንዳወቅ ከቤተ ክህነት ትምህርት ወጥቶ ወፍጮ ከተከለ በኋላም ይህን ልማድ አልተወም። አናጢም ሲፈልግ፣ መካኒክም ሲፈልግ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። አውሮፕላን ማብረር ሲጀምርም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የአውሮፕላኑ ነገር የመጣው በተምች ነው። የዛሬ አራት ዓመት ተምች በበቆሎው ላይ በወረደ ጊዜ፣ መድኃኒት የምትረጭ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሣር ሜዳ ላይ አረፈች፤ ከዚያም አልነሣም አለች። ሰው ሲጠያየቅ «ሞተር የሚያነጋግር ሰው ፍኖተ ሰላም አለ» ተባለ። ወንዳወቅ ሄደ፤ የነዳጅ ማጣሪያዋን አውጥቶ አጸዳ፤ ተነሣች። ለውለታው አንድ ዙር አበረሩት። ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለያምሮት የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጤፋችን ከላይ ሲያዩት የተበጠረ ጠጉር ይመስላል።»

ያምሮት ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ያን ጊዜውኑ ገባት።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የአውሮፕላኗ ባለቤቶች እዚያው ሜዳ ላይ ቅዳሜና እሑድ ማስተማር ጀመሩ። ደንቡ አጭር ነው። ትምህርቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ይሆናል። ተማሪው በሁለት በጋ ውስጥ ብቻውን ተነሥቶ ብቻውን ማረፍ አለበት። ካልቻለ ስሙ ይሰረዛል፤ ተሰርዞ የሚመለስ የለም። ብቻውን ይብረር አይብረር የሚወስነው አስተማሪው ነው።

ወንዳወቅ ከመመዝገቡ በፊት የነፍስ አባቱን አባ ወልደ ዮሐንስን አማከረ።

«አባቴ፣ በሰንበት መብረር ሥራ ነው ወይ?»

አባ ወልደ ዮሐንስ አሰቡበት። «ደመወዝ ይከፍሉሃል?»

«የለም፤ የምከፍል እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ሥራ አይደለም፤ ሞኝነት ነው። ሞኝነት በሰንበት አልተከለከለም። ቅዳሴ አስቀድሰህ ሂድ።»

የመጀመሪያው መምህሩ ቴዎፍሎስ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ጥቁር መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ስልኩ እጁ ላይ። ወንዳወቅ «መምህር» ሲለው ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ሰውየው ክፋት የለበትም። ችግሩ ሁሉም ነገር ለሱ «ቀሽት»፣ ማለትም ግሩም፣ መሆኑ ነው። ወንዳወቅ አውሮፕላኗን ጠምዝዞ ሲያዞራት «ቀሽት!» ይላል፤ አቃንቶ ሲያዞራትም «ቀሽት!» ይላል። አንድ ቀን አውሮፕላኗ መሬት ነክታ ነጠረች፤ ደግማ ነክታ ነጠረች፤ በሦስተኛው ቆመች። ወንዳወቅ አንገቱን ደፍቶ ተግሣጽ ጠበቀ።

«ቀሽት ነው ብሮ!» አለ ቴዎፍሎስ። «በአንድ በረራ ሦስት ጊዜ አረፍክ።»

ቅኔ ቤት እያለ አንዲት ቃል ሲስት መምህሩ ሙሉ ቀን ያስቆሙት ነበር። አሁን አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ከምድር ጋር አላትሞ ተመሰገነ። ያ በጋ በሙገሳ አለቀ። ሰኔ ሲገባ ወንዳወቅ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ቀሽት መሆኑን ብቻ ነበር። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ ወያላዎቹ ጠምደው ያዙት።

«አብራሪው! ዛሬስ በሚኒባስ ነው የምትሄድ? ክንፍህን የት አስቀመጥኸው?»

«ወፍጮ ቤት፤ እየተሰለቀ ነው» ይላቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ መምህሩን ሊለውጥ ወሰነ። ያለ ስንብት አይሆንምና፣ ቴዎፍሎስ አውሮፕላኗ አጠገብ ቆሞ ራሱን ፎቶ ሲያነሣ ቀርቦ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ።

ቴዎፍሎስ ዘለለ። «ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አልጠፋብኝም። ያሰናብቱኝ፤ ይመርቁኝ ብዬ ነው።»

«እኔ?» ቴዎፍሎስ መነጽሩን አወረደ፤ መልሶ ሰቀለ። ቆይቶ፣ «እሺ... ቀሽት ሁን» አለው።

ወንዳወቅ «አሜን» ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው መምህር ካፒቴን ዳኘው ነበሩ። የአዴት ሰው ናቸው፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በአየር ላይ ጨርሰው ጡረታ ቢወጡም ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከሠላምታ በፊት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ተማሪያቸውን «አቶ ወንዳወቅ» ይሉታል፤ «እርስዎ» ይሉታል። ሲያርሙም በምሳሌ ነው። ወንዳወቅ በፍጥነት ሲወርድ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን» ይላሉ እንጂ «ፈጠንህ» አይሉም። ወንዳወቅ ፈጽሞ የተመቸው መምህር አገኘ። ለያምሮት፣ «ሰው ናቸው! እንደ ሰው የሚናገሩ ሰው!» አላት።

በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላኗ ደጃፍ ላይ «ይግቡ» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ጥቂት ደቂቃ አለፈ። የሜዳው ዘበኛ ቆጥሯል፤ ስድስት ደቂቃ ነው ይላል። አውሮፕላኗ በሁለት ጎን ሁለት በር እንዳላት ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም።

እስከ ጥር ድረስ ነገሩ ሠመረ። ወንዳወቅ ማንሣት ተማረ፤ ማዞር ተማረ፤ ከፍታ መጠበቅ ተማረ። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ከቡሬ በላይ ሲበሩ መሪው በካፒቴን ዳኘው እጅ ነበር። ካፒቴኑ የአውሮፕላኗን ሚዛን አስተካክለው፣ በማዳመጫው፣ በለስላሳ ድምፅ፣

«እንግዲህ ይያዙት» አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጎጃም ውስጥ በወግ ያደገ ሰው ከሽማግሌ እጅ የቀረበለትን ነገር በመጀመሪያው ግብዣ አይቀበልም። ሁለት ጊዜ እንቢ ይላል፤ በሦስተኛው ይቀበላል። በመጀመሪያው የተቀበለ ስግብግብ ነው። ወንዳወቅ መሪውን ከመምህር እጅ ላይ እንደ ጉርሻ ላፍ አያደርግም።

«ኧረ ይሁን፤ እርስዎ ይዘውታል» አለ።

ካፒቴኑ ይህን እንደ ትሕትና ሰሙት፤ ደስም አላቸው። «ግድ የለም፤ ይያዙት እንጂ።»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ እያሉ?»





ካፒቴኑ ፈገግ ብለው በመስኮቱ የሚታየውን አገር ማየት ጀመሩ። ወንዳወቅ በበኩሉ ሦስተኛውን ግብዣ ጠበቀ። ሦስተኛው ግብዣ የለም፤ ካፒቴኑ ከሁለተኛው በኋላ ወንዳወቅ መሪውን የያዘ መስሏቸዋል። አውሮፕላኗ ከሦስት መቶ ሜትር ተነሥታ ዝግ ብላ፣ ማንም ሳይነካት፣ በጣም በሥርዓት አፍንጫዋን ወደ ታች እያዘነበለች ወረደች። ከታች የሠርግ ዳስ ነበር። ዳሱ ትልቅ መሆን ጀመረ። ሰዎች ታዩ። ሰዎቹ እጃቸውን ሲያነሡ ታየ። ከዚያ የአንዷ ሴት ነጠላ ጥለቱ ሰማያዊ መሆኑ ታየ።

«አቶ ወንዳወቅ» አሉ ካፒቴኑ፣ «እንዴት ነው፤ ይህን ያህል ዝቅ ማለት ያስፈልጋል?»

«እኔም ልጠይቅዎ እያልሁ ነበር።»

«ማን ነው የያዘው?»

«እርስዎ አይደሉም?»

ካፒቴን ዳኘው መሪውን ሲይዙ ወግ አልጠየቁም። አውሮፕላኗ በዳሱ ላይ ጮኻ ተነሣች፤ ሠርገኛው እልል አለ። ሙሽራው አውሮፕላን ተከራየ ተብሎ በቡሬ ተወራ። የሙሽራው ቤተሰብ እስከ ዛሬ አላስተባበለም።

ካረፉ በኋላ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ካፒቴኑ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«አቶ ወንዳወቅ፣ እኔ እርስዎን ማስተማር አልችልም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። እኔም አላጠፋሁም። ችግሩ ይህ ነው። ሁለታችን አብረን ብንውል አንድ ቀን መቀበራችን አይቀርም፤ መቃብሩም አፋፍ ላይ ሆነን እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንባባላለን፤ ቀባሪው ይመሽበታል።» ከዚያ ወደ ሜዳው ማዶ በአገጫቸው አመለከቱ። «ወደዚያች ልጅ ይሂዱ።»

ያቺ ልጅ ሕሊና ናት። የደምበጫ ልጅ፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ። ቁመቷ ከወንዳወቅ ብብት በታች ነው፤ ድምፅዋ ግን ሞተር ተነሥቶም ይሰማል። ወንዳወቅ ከአምና ጀምሮ በርቀት አይቷት፣ በርቀት ሰላምታ ሰጥቶ አልፏታል። ለካፒቴኑ፣ ለባለ ነዳጁ፣ ለጎብኚ ባለሥልጣን ሁሉ ቃሏ አንድ ነው፤ አጭር። ይህ እሱን ያስፈራው ነበር።

ጉልበት ስሞ ከካፒቴን ዳኘው ተሰናበተ። ካፒቴኑ በደንብ መረቁት፤ ምርቃቱ ረዘም ብሎ የቀኑ ትምህርት አለፈ።

በማግሥቱ ሕሊና አውሮፕላኗ ውስጥ አስቀምጣው ነገረችው።

«የሠርጉን ሰምቻለሁ። እዚህ ወንበር ላይ እርስዎ የሚባል የለም። አንቺ በለኝ።»

«ኧረ እንዴት ብዬ...»

«በለኝ።»

«አን...» አለ ወንዳወቅ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «አንቺ... ይበሉ እንግዲህ።»

«መጥፎ አይደለም፤ ግማሹ ደርሷል። አሁን ስማኝ። እኔ ያዝ ስል አንተ ያዝሁ ትላለህ። ያዝሁ ካላልህ አልለቅም። አንተ ያዝሁ ስትል እኔ ለቀቅሁ እላለሁ። እንቢታ የለም፤ በሞቴ የለም። ምግብ አይደለም።»

ወንዳወቅ ልምምዱን ቤቱ ይዞ ገባ። እራት ላይ ያምሮት የውኃ ጆግ ስታቀብለው፣ «ያዝሁ» ይላል፤ እሷም «ለቀቅሁ» ትላለች። ልጆቹ ሳቁ፤ ኋላ ለመዱት። አንድ ማታ ያምሮት ሰሃን ዘረጋችለት፤ እሱ እጁን ሰደደ፤ ያምሮት «ለቀቅሁ» ብላ ለቀቀች። ሰሃኑ ተሰበረ።

«ያዝሁ አላልሁም እኮ!» አለ ወንዳወቅ።

«እጅህ ላይ ነበር!»

«እጅ ምስክር አይደለም፤ ቃል ነው!»

ያምሮት ስብርባሪውን እየለቀመች፣ «ይህቺ ሕሊና የሚሏት አዋቂ ናት» አለች።

ወፍጮ ቤት ላይ ደግሞ የባሰ ሆነ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የዘወትር ደንበኛ፣ የእህል ከረጢታቸውን ሲያቀብሉት አእምሮው ቡሬ ሄዶ ነበርና፣ «ያዝሁ! ልቀቂ!» ብሎ ጮኸባቸው።  

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ወንዳወቅ ልጄ፣ የምለቀው ከረጢቱን ነው ወይስ ነፍሴን?»

ያን ሳምንት የሳቸውን እህል በነጻ ፈጨ፤ ቅዳሜም ካሳ አድርጎ አንድ ከረጢት ጤፍ ቤታቸው ድረስ ተሸክሞ አደረሰ።

የካቲት አለፈ፤ መጋቢት አለፈ። የወንዳወቅ እጅ ተስተካከለ። በሚያዝያ አምስት ጊዜ አረፈ፤ አንድም ጊዜ አልነጠረም። ሕሊና ግን ብቻህን ሂድ አላለችውም። ግንቦት ሲገባ ጠየቃት።

«እጅህ ደርሷል» አለችው፤ «አፍህ አልደረሰም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ቀን ለማረፍ ሲቃረቡ የአውሮፕላኗ ፍጥነት መውረዱን አይቶ፣ «ካልተሳሳትሁ፣ ምናልባት፣ አንቺ ብታዪው፣ ፍጥነቱ ትንሽ ቀነስ ያለ ይመስለኛል» አላት። አረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ፍጥነቱ ትንሽ ሳይሆን በጣም ቀንሶ ነበር። ሌላ ቀን እሷ ሆነ ብላ ወደ ግራ መዞር ሲገባት ወደ ቀኝ ዞረች። እሱ አየ፤ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። መምህር ሲሳሳት በአደባባይ አይታረምም ብሎ አሰበ። አደባባይ አልነበረም፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፣ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ።

«አይተሃል?» አለችው ከወረዱ በኋላ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ምክንያት ይኖርሽ ይሆናል ብዬ።»

«ወንዳወቅ፣ ብቻህን ስትሆን ማንን ነው የምታፍረው? አሁን ያየኸውን አሁን ካልተናገርህ፣ ብቻህን ሆነህም አትናገርም። መንገድ ሲጠፋብህ ለሬዲዮውም በይሆን ይሆናል ልትነግረው ነው።»

የግንቦት የመጨረሻው እሑድ መጣ። ቅዳሴ አስቀድሶ ቡሬ ሲደርስ በምዕራብ በኩል ደመናው ቆሟል። ከቀትር በፊት ካልተበረረ አይበረርም። ዛሬ ካልተበረረ ደግሞ ስሙ ይሰረዛል። ዝርዝሩ ዘበኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ስሙን አለፍ ሲል አየው።

ሁለት ዙር ከሕሊና ጋር በረሩ። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ሕሊና አንዴም አላረመችውም። ለሦስተኛው ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ነፋሱ ተነሥቷል፤ ሣሩ ወደ አንድ ጎን ይተኛል።

«ሂድ» አለች።

ወንዳወቅ ጋዝ ሰጠ። አውሮፕላኗ መሮጥ ጀመረች። ሕሊና እጇን ከእጁ አጠገብ፣ ጋዙ ላይ፣ ወደ ፊት ገፍታ ይዛለች። ፍጥነቱ እየጨመረ ሳለ ከሜዳው ቀኝ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር፣ አንዲት ቡላ ላም ወጣች፤ ከሣሩ መካከል ደርሳ ቆመች፤ ሣር ነጨች።

«ሂድ» አለች ሕሊና እንደገና።

«እጅሽን አንሺ!» አለ ወንዳወቅ። ጋዙን ወደ ኋላ ስቦ ፍሬኑን ረገጠ። «ዝም በይ! ላም!»

አውሮፕላኗ ተንቀጥቅጣ ቆመች። ላሚቱ ሰማንያ ሜትር ያህል ርቃ አዩዋት፤ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ ላሚቱም ሳትቸኩል ወጣችለት። ወንዳወቅ ምን እንዳለ ገና አሁን ሰማው። ፊቱን ወደ ሕሊና አዞረ። ይቅርታ ለመጠየቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይቅርታ ካልኸኝ እሰርዝሃለሁ» አለች።

ከንፈሩን ዘጋ።

ሕሊና ቀበቶዋን ፈታች፤ ወረደች፤ የባዶውን ወንበር ቀበቶ አጥብቃ አሰረች። ላሚቱን ቀድማ አይታት እንደሆነ ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። በሩን ከመዝጋቷ በፊት፣ «አንድ ዙር፤ ደመናው ከመድረሱ በፊት» አለችው።

ወንዳወቅ ብቻውን ወደ ሜዳው ጫፍ ተመለሰ። አውሮፕላኗ ከሕሊና ክብደት ተላቃ ስለነበር ካሰበው ቦታ ቀድማ ተነሣች። የቡሬ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከግራው አለፉ፤ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው አስፋልት ታየ፤ በላዩ ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ ነበር። ነፋሱ ወደ ጎን ገፋት፤ አቀናት። ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ቀነሰ። «ቀነሰ» አለ ጮክ ብሎ፤ ጋዝ ጨመረ። ጎማዎቹ ሣሩን ነኩ፤ ጥቂት ዘለሉ፤ እንደገና ነኩ፤ ቆሙ። ዙሩ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ።

ካፒቴን ዳኘው ኮፍያቸውን አውልቀው ከዳር ቆመዋል። ቴዎፍሎስ በስልኩ ይቀርጻል። ሕሊና መዝገቧን ከፍታ መጣች።

«አንድ ጊዜ ነጥረሃል» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ወንዳወቅ።

ጻፈችው፤ ፈረመች። እሱም ፈረመ። ጥቅምት ላይ ትምህርቱ ሲከፈት በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሷ ጋር ደብረ ማርቆስ ደርሶ ይመለሳል።